በ129 ድምፅ የተወሰነ ወንበር፦ የ2004ቱ የዋሽንግተን ግዛት የአገረ ገዥ ምርጫ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 2 ቀን 2004 በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው በዋሽንግተን ግዛት 2.8 ሚሊዮን ያህል መራጮች አገረ ገዥያቸውን ለመምረጥ ድምፅ ሰጡ። ድምፁም ሦስት ጊዜ ተቆጠረ። በመጀመሪያው ቆጠራ የሪፐብሊካን ፓርቲው ዲኖ ሮሲ በ261 ድምፅ መሩ፤ በሁለተኛው የእሳቸው ብልጫ ወደ 42 ወረደ፤ በሦስተኛው ግን የዴሞክራቲክ ፓርቲዋ ክሪስቲን ግሬግዋር በ129 ድምፅ ቀድመው ተገኙ። ክርክሩ በዚያ ሳያበቃ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ የመጨረሻውን እልባት ያገኘው ምርጫው ከተካሄደ ከሰባት ወር በኋላ፣ ጁን 6 ቀን 2005 ነበር። በአሜሪካ ታሪክ በጠባብ ልዩነት ከተጠናቀቁት የአገረ ገዥ ምርጫዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

ጉዳዩ ዛሬም ሊጠና የሚገባው የሁለት ፖለቲከኞች ፉክክር ስለ ነበረ ብቻ አይመስለኝም። በሁለቱ ተወዳዳሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ቆጠራው ራሱ ከሚፈጥረው ስሕተት ሲያንስ፣ ውጤቱን የሚወስኑት አስቀድመው የተጻፉ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ የትኛው ስሕተት ይታረማል? ማን ያርመዋል? ተሳስቷል የሚለውስ ወገን ምን ያህል ማስረዳት አለበት? በዋሽንግተን የሆነውን ሁሉ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንጻር ስናየው፣ በወቅቱ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የመሰሉ ውሳኔዎች እንኳ ሥርዓት ይዘው ይታያሉ።

ተወዳዳሪዎቹ

ሁለት ዘመን ያገለገሉት አገረ ገዥ ጌሪ ሎክ ለሦስተኛ ጊዜ እንደማይወዳደሩ በ2003 ክረምት ሲያስታውቁ ወንበሩ ያለ ባለቤት ቀረ። ሪፐብሊካኖች የአገረ ገዥነቱን ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፉት በ1980 በጆን ስፔልማን ስለ ነበር፣ ለዴሞክራቶች ነገሩ የተለመደ የሥልጣን ርክክብ መስሎ ታይቷቸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክሪስቲን ግሬግዋር በኦበርን ከተማ በወጥ ቤት ሠራተኝነት ብቻቸውን ልጃቸውን ባሳደጉ እናት እጅ ያደጉ፣ በጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማሩ ሴት ናቸው። የግዛቱን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሚመሩበት ጊዜ በሃንፎርድ የተከማቸውን የኑክሌር ዝቃጭ ለማጽዳት ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተደረሰውን የ1989 ስምምነት ተደራድረዋል። ከ1993 ጀምሮ የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሦስት ጊዜ ተመርጠዋል። ስማቸውን በመላ አገሪቱ ያስጠራው ግን 46 ግዛቶች በ1998 ከትልልቅ የሲጋራ ኩባንያዎች ጋር ያደረጉት የ206 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ነው፤ በድርድሩ ከግዛቶቹ ወገን ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዷ እሳቸው ነበሩ። ይህን የመሰለ የሥራ ታሪክ ጠባሳም አላጣም። መሥሪያ ቤታቸው በአንድ የ17.8 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ላይ የይግባኝ ቀነ ገደብ በማሳለፉ ግዛቱ መከራከሪያውን አጥቶ ነበር፤ ተቀናቃኞቻቸውም ይህን ደጋግመው አንሥተውታል። በሴፕቴምበር በተካሄደው የፓርቲ ውስጥ ማጣሪያ የኪንግ ካውንቲን (ካውንቲ ግዛቱ የተከፋፈለበት የአካባቢ አስተዳደር ነው) ዋና አስተዳዳሪ ሮን ሲምስን በሰፊ ልዩነት አሸንፈው ለዋናው ምርጫ ቀረቡ።

ዲኖ ሮሲ ከሰባት ልጆች የመጨረሻው፣ የመምህር ልጅ፣ ሀብታቸውን በንግድ ሕንፃዎች ሽያጭና ግዥ ያፈሩ ሰው ነበሩ። ከሲያትል በስተ ምሥራቅ ያሉትን የከተማ ዳርቻዎች ወክለው በግዛቱ የላይኛው ምክር ቤት ተቀምጠዋል። በ2003 የበጀት ኮሚቴውን ሲመሩ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረውን የበጀት ጉድለት አጠቃላይ ግብር ሳይጨምሩ የሚሸፍን በጀት በማስጸደቃቸው በፓርቲያቸው ዘንድ ስም አተረፉ። ቅስቀሳቸው በቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር፤ ለሃያ ዓመት አንድ ፓርቲ ብቻ ገዝቷል፣ ቦይንግ እንኳ በ2001 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቺካጎ ወስዷል፣ ስለዚህ ለንግድ የሚመች አስተዳደር ያስፈልጋል የሚል። መራጩን የሚከፋፍሉትን የማኅበራዊ ጉዳዮች ክርክር ሆን ብለው ራቁት። በእኔ ግምት ዴሞክራት በሆነ ግዛት ውስጥ ያን ያህል ሊቀርቡ የቻሉት በዚህ ጥንቃቄያቸው ነው፤ ግሬግዋር ደግሞ የሥራ ልምዳቸውን እየዘረዘሩ ለምን እንደሚወዳደሩ ግን በአጭር ቃል ሳይናገሩ ቆይተዋል።

በዚያው ዕለት የዴሞክራቶቹ የፕሬዚዳንትነት እጩ ጆን ኬሪ ዋሽንግተንን ከ200 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸንፈዋል፤ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሏ ፓቲ መሪም በቀላሉ ተመልሰው ተመርጠዋል። በግሬግዋር የዋና ዐቃቤ ሕግነት ቦታ ላይ ግን ሪፐብሊካኑ ሮብ መኬና አሸነፉ። በአንድ ወረቀት ላይ ለሁለት ፓርቲዎች ምልክት ያደረገ መራጭ ብዙ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛዋ ተወዳዳሪ፣ የሊበርቴሪያን ፓርቲዋ ሩት ቤኔት፣ 63,465 ድምፅ ወስደዋል፤ ይህም ከመጨረሻው ልዩነት 490 ጊዜ የሚበልጥ ቢሆንም ከዚያ በኋላ በነበረው ጭቅጭቅ ውስጥ የእሳቸውን ስም ያነሣ እምብዛም አልነበረም።

ሦስት ቆጠራ፣ ሦስት ቁጥር

በዋሽንግተን ሕግ በፖስታ የተላከ ድምፅ እስከ ምርጫው ቀን ድረስ የፖስታ ቤት ማኅተም ካረፈበት፣ ዘግይቶ ቢደርስም ይቆጠራል። በ2004 አብዛኛው ሰው በፖስታ ስለ መረጠ ቆጠራው ሳምንታት ፈጀ፤ መሪውም በየቀኑ ማለት ይቻላል ይለዋወጥ ነበር። ከ39ኙ ካውንቲዎች አብዛኞቹ ለሮሲ ያደሉ ሲሆን፣ ከግዛቱ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ የሚኖርበትና ሲያትልን የሚያጠቃልለው ኪንግ ካውንቲ ደግሞ በሰፊው ወደ ግሬግዋር ያዘነበለ ነበር። ይህ አንድ ካውንቲ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ድምፅ ይዞ ነበርና የጉዳዩ ሁሉ መዳረሻ እዚያ መሆኑ አያስገርምም። ከኢትዮጵያ ወጥተው በሲያትል ደቡባዊ ሰፈሮችና በአካባቢው ባሉ ከተሞች የሰፈሩ፣ ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችንም ድምፅ የሰጡት በዚሁ ካውንቲ ነው።

ኖቬምበር 17 ቀን ካውንቲዎቹ የመጀመሪያውን ቆጠራ ሲያጠናቅቁ ሮሲ 1,371,414፣ ግሬግዋር 1,371,153 ድምፅ ነበራቸው። በወቅቱ የነበረው ሕግ ልዩነቱ ከ2,000 ድምፅና ከግማሽ በመቶ በታች ከሆነ በመቁጠሪያ መሣሪያ እንደገና እንዲቆጠር ያስገድድ ነበር። ያም ተደርጎ ኖቬምበር 24 ቀን ሮሲ 1,372,484፣ ግሬግዋር 1,372,442 ሆኑ። ምርጫዎችን በበላይነት የሚመሩት የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ሳም ሪድ፣ ራሳቸው ሪፐብሊካን የሆኑት፣ ኖቬምበር 30 ቀን የሮሲን አሸናፊነት አጸደቁ።

ሕጉ ለተሸነፈው ወገን አንድ በር ክፍት ትቷል፤ ወጪውን አስቀድሞ ከከፈለ በእጅ ቆጠራ መጠየቅ ይችላል፣ ውጤቱ ከተገለበጠም ገንዘቡ ይመለስለታል። በጥቂት ካውንቲዎች ብቻ አስቆጥሮ ውጤቱ ቢለወጥ የቀሩትም ሁሉ እንዲቆጠሩ ሕጉ ያዛል። ዴሞክራቶች የተመረጡ ካውንቲዎችን ከማስቆጠር ይልቅ መላውን ግዛት ለማስቆጠር ወሰኑና ዲሴምበር 3 ቀን 730 ሺህ ዶላር አስያዙ። ከፊሉ ገንዘብ የመጣው ከጆን ኬሪ የዘመቻ ሒሳብ ነበር። ይህ የገንዘብ ነገር በወቅቱ ብዙም አልተወራበትም፤ እኔ ግን ከጉዳዩ ደካማ ጎኖች አንዱ ይመስለኛል። ተሸናፊዋ ያን ያህል ገንዘብ በቀናት ውስጥ የሚያሰባስብ ፓርቲ ከኋላቸው ባይኖር ኖሮ፣ ትክክለኛ ናቸው የተባሉት ድምፆች ሳይቆጠሩ በቀሩ ነበር።

ዲሴምበር 23 ቀን የእጅ ቆጠራው ሲያበቃ ግሬግዋር 1,373,361፣ ሮሲ 1,373,232 ሆኑ። እዚህ ላይ ቁጥሮቹን አቀራርቦ ማየት ይጠቅማል። ከመጀመሪያው ቆጠራ እስከ መጨረሻው ግሬግዋር 2,208፣ ሮሲ 1,818 ድምፅ ጨምረዋል። ሁለቱ በድምሩ 4,026 አዲስ ድምፅ አገኙ ማለት ነው፤ ይህም አሸናፊዋን ከለየው ልዩነት 31 ጊዜ ይበልጣል። አብዛኛው ጭማሪ ተንኮል የለበትም። መራጩ ክቡን በማጥቆር ፈንታ ዙሪያውን ሲያከብበት፣ ወይም በደበዘዘ እስክርቢቶ ምልክት ሲያደርግ መሣሪያው አያነበውም፤ የሰው ዓይን ግን የመራጩን ፍላጎት ይረዳል። ያም ሆኖ እውነቱ ይህ ነው፦ በኪሎ የሚሳሳት ሚዛን ይዞ የበርበሬ ግራም ለመለየት የመሞከር ያህል ነበር።

573ቱ ፖስታዎች

የእጅ ቆጠራው በመካሄድ ላይ ሳለ፣ ዲሴምበር 12 ቀን እሑድ፣ የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ላሪ ፊሊፕስ ድምፃቸው ውድቅ የተደረገባቸውን የሰፈራቸውን ሰዎች ዝርዝር ሲመለከቱ የራሳቸውን ስም አገኙበት። ፊሊፕስ በትክክል ፈርመው የላኩ መሆናቸውን ያውቃሉ። ለካውንቲው የምርጫ ኃላፊ ለዲን ሎገን አሳወቁና ሲጣራ ነገሩ ታወቀ። በፖስታ የመጣ ድምፅ የሚረጋገጠው በፖስታው ላይ ያለውን ፊርማ በምዝገባ ጊዜ ከተሰጠው ፊርማ ጋር በማስተያየት ነው። የአንዳንድ መራጮች የምዝገባ ፊርማ ወደ ኮምፒዩተር ሳይገባ ቀርቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ የወረቀቱን ካርድ ፈልገው ማስተያየት ሲገባቸው ድምፁን ከውድቆቹ ጋር አስቀምጠውታል። በዚህ ዓይነት 573 ፖስታዎች ተገኙ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ሌሎች ተጨምረው 735 ደረሱ።

የካውንቲው የድምፅ አጣሪ ቦርድ በሁለት ለአንድ ድምፅ ፖስታዎቹ እንዲጣሩ ወሰነ። ሪፐብሊካኖች ዘግይቶ የተገኘ ድምፅ በድጋሚ ቆጠራ ውስጥ ሊገባ አይገባም ብለው ወደ ፒርስ ካውንቲ ፍርድ ቤት ሄደው ዲሴምበር 17 ቀን የእግድ ትእዛዝ አገኙ። ክርክራቸው ተራ ጩኸት አልነበረም። ድጋሚ ቆጠራ የተቆጠረውን ደግሞ መቁጠር እንጂ የተጣለውን እየፈለጉ ማንሣት አይደለም ብለው ነበር፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከሦስት ቀን በፊት፣ ዲሴምበር 14 ቀን፣ በሙሉ ድምፅ ይህንኑ የሚመስል ነገር ተናግሮ ነበር። ያኔ ጠያቂዎቹ ዴሞክራቶች ነበሩ፤ በሁሉም ካውንቲዎች ውድቅ የተደረጉ ድምፆች በአንድ ወጥ መለኪያ እንደገና ይመርመሩ ሲሉ ፍርድ ቤቱ አይሆንም አላቸው።

ዲሴምበር 22 ቀን ግን ያው ፍርድ ቤት፣ አሁንም በሙሉ ድምፅ፣ እግዱን አንሥቶ የኪንግ ካውንቲ ፖስታዎች እንዲቆጠሩ ፈቀደ። በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው ፍርድ ቤቱ ራሱን ተቃረነ፣ ለአንድ ፓርቲ አደላ ሲል ተሰምቷል። ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ላነበበ ግን ተቃርኖው አይታይም። የመጀመሪያው ያለው፣ ቦርዶች አይተው የወሰኑትን ፍርድ ቤት በጅምላ እንዲከፍተው ማስገደድ አይቻልም ነው። ሁለተኛው ያለው፣ ቦርዱ ራሱ በሥራው ላይ ግልጽ ስሕተት ካገኘ፣ ውጤቱን ከማጽደቁ በፊት እንዲያርመው ሕጉ ሥልጣን ይሰጠዋል ነው። ልዩነቱ ያለው በፊርማ አለመመሳሰል ተመርምሮ በተጣለ ፖስታና ማንም ሳያየው በተጣለ ፖስታ መካከል ነው። ፓርቲ የጠየቀው በር ተዘጋ፤ ስሕተቱን የሠራው አካል የጠየቀው ተከፈተ። በዚያው ቆጠራ ወቅት ሌሎች ካውንቲዎችም የተረሱ ድምፆች አግኝተው መጨመራቸው የኪንግ ካውንቲን አቋም አጠናክሮታል።

በዚያው ዲሴምበር 22 ቀን ካውንቲው አከራካሪዎቹን ፖስታዎች ሳይጨምር የእጅ ቆጠራውን ውጤት ሲያስታውቅ ግሬግዋር በ10 ድምፅ ይመሩ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነጥብ ነው። ፖስታዎቹ ሲጨመሩ ብልጫው ወደ 129 አደገ እንጂ አሸናፊውን የለወጡት እነሱ አልነበሩም። ሆኖም 10 ድምፅ ይዞ ፍርድ ቤት መግባትና 129 ይዞ መግባት አንድ አይደለም።

ዲሴምበር 30 ቀን ሳም ሪድ ከአንድ ወር በፊት ለፓርቲ ጓዳቸው የፈረሙትን የአሸናፊነት ማረጋገጫ በአዲስ ውጤት ተክተው ለግሬግዋር ፈረሙ። ከራሳቸው ፓርቲ አባላት ብርቱ ወቀሳ ደርሶባቸዋል፤ ቆጠራው ሕጋዊውን ሂደት ተከትሏል ከሚለው አቋማቸው ግን አልተነቃነቁም። ሮሲ ምርጫው እንዲደገም ጠየቁ፤ በተመሳሳይ ሳምንት ዩክሬን የተጭበረበረ የተባለውን የፕሬዚዳንት ምርጫዋን ደግማ ስለ ነበር ሐሳቡ በሰው አእምሮ ውስጥ ቅርብ ነበር። የግዛቱ ሕግ ግን እንዲህ ያለውን መንገድ በግልጽ አያስቀምጥም። ጃንዋሪ 12 ቀን 2005 ግሬግዋር ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

የዌናቺው ችሎት

ሪፐብሊካኖች ክሳቸውን ያቀረቡት ሲያትል አልነበረም። ከካስኬድ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ባለችው፣ በፖም እርሻዎቿ በምትታወቀው ዌናቺ፣ በቼላን ካውንቲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። አካባቢው ለፓርቲያቸው ያደላ ነበር፤ ቦታውን የመረጡትም ይህን አስበው እንደሆነ ለመገመት አዳጋች አይደለም። ጉዳዩ ለዳኛ ጆን ብሪጅስ ደረሰና ችሎቱ ሜይ 23 ቀን 2005 ተጀመረ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 15 ቀን 1997 መሆኑ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የግንቦት 7ቱ ምርጫ ከተካሄደ ስምንት ቀን ሆኖታል። በሲያትል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በዚያ ሰሞን በሁለት አገር የድምፅ ቆጠራ ክርክር መካከል ነበር የሚውለው።

የሪፐብሊካኖች ክስ ሁለት ክንፍ ነበረው። አንደኛው የኪንግ ካውንቲ ሠራተኞች አጭበርብረዋል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛውና ጠንካራው ድምፅ የመስጠት መብት የሌላቸው ሰዎች ድምፅ ሰጥተዋል የሚለው ነበር። ሁለተኛው እውነት መሆኑን ዳኛው ራሳቸው አረጋግጠዋል። በጠቅላላው 1,678 ሕገ ወጥ ድምፅ መሰጠቱን ሲያገኙ፣ አብዛኛው በከባድ ወንጀል ተፈርዶባቸው የመምረጥ መብታቸው ያልተመለሰላቸው ሰዎች ድምፅ ነበር። በሟች ስም የተሰጡ፣ ሁለት ጊዜ የመረጡ ሰዎች የሰጧቸው፣ እንዲሁም የመራጩ ማንነት እስኪጣራ ተለይተው መቀመጥ ሲገባቸው በቀጥታ ወደ መቁጠሪያ መሣሪያ የገቡ ጊዜያዊ የድምፅ ወረቀቶችም ነበሩበት።

እንግዲህ 1,678 ከ129 እጅግ ይበልጣል። ምርጫው ለምን አልፈረሰም? መልሱ ያለው በማስረጃ ሸክም ላይ ነው። በዋሽንግተን ሕግ ምርጫ የሚፈርሰው ሕገ ወጥ ድምፅ በዛ ተብሎ አይደለም፤ ያ ድምፅ ከአሸናፊው ላይ ቢቀነስ ውጤቱ ይለወጥ እንደ ነበር ከሳሹ ሲያስረዳ ነው። ድምፅ ደግሞ ምስጢር ነው። መብት የሌለው ሰው ለማን እንደ መረጠ ወረቀቱ አይናገርም፤ ከተቆጠረ በኋላ ከሌላው ወረቀት ጋር ተቀላቅሏል።

ሪፐብሊካኖች ይህን ችግር ለማለፍ የዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችን አቅርበው የስሌት ዘዴ አስረዱ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ አንድ ሕገ ወጥ ድምፅ የተሰጠበት የምርጫ ጣቢያ 70 በመቶ ለግሬግዋር ከሰጠ፣ ከዚያ ሕገ ወጥ ድምፅ 0.7 ያህሉ ከግሬግዋር፣ የቀረው ከሌሎቹ ይቀነስ። ኪንግ ካውንቲ ለግሬግዋር ያደላ ስለ ነበርና ካቀረቡት ስም አብዛኛው ከዚያ ስለ መጣ፣ ስሌቱ ሮሲን አሸናፊ ያደርግ ነበር። ዳኛ ብሪጅስ አልተቀበሉትም። የአንድ ሰፈር ጠቅላላ ዝንባሌ በዚያ ሰፈር የሚኖር የአንድ የተወሰነ ሰው ዝንባሌ ማስረጃ አይሆንም ሲሉ፣ ዘዴው ለዚህ ዓይነት ድምዳሜ በሳይንሱ ዘንድ ተቀባይነት እንደሌለው ደመደሙ። ትክክል ይመስሉኛል። በወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች በዕድሜም፣ በጾታም፣ በኑሮም የሰፈራቸው አማካይ ናሙና አይደሉም። ደግሞም አንድ ከሳሽ የፈለገውን ካውንቲ መዝገብ ብቻ ፈትሾ ስም ሲያመጣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ይሆናል። ዴሞክራቶች ይህን ለማሳየት ለሮሲ ባደሉ ካውንቲዎች የመረጡ ሌሎች የተፈረደባቸው ሰዎችን ዝርዝር አዘጋጅተው አቅርበዋል።

በጠቅላላው ክርክር ለማን እንደ መረጡ የተረጋገጠው የአምስት ሰዎች ብቻ ነበር። አራቱ ለሮሲ፣ አንዱ ለቤኔት መስጠታቸው ታወቀ፤ እነዚህን ያቀረቡትም ዴሞክራቶች ናቸው። ዳኛው አራቱን ከሮሲ ላይ ሲቀንሱ የግሬግዋር ብልጫ 133 ሆነ። ውጤቱን ለማስለወጥ ከሳሹ ያነሣው መከራከሪያ በመጨረሻ ከራሱ ላይ አራት ድምፅ አስቀነሰ።

ስለ ማጭበርበር የተነሣውን ክስ በተመለከተ ዳኛው የኪንግ ካውንቲን አሠራር አጥብቀው ነቅፈዋል፤ የመዝገብ አያያዙ የተዝረከረከ፣ ቁጥጥሩ የላላ መሆኑን አስረድተዋል። ሆን ተብሎ የተሠራ ማጭበርበር ግን በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ አልተረጋገጠም አሉ። የሕዝብን ምርጫ በግምት ላይ ተመሥርቶ መሻር ለዳኛ ከሥልጣኑ ማለፍ እንደሆነም ውሳኔውን ሲያነቡ ገለጹ። ይህ ጁን 6 ቀን ነበር። በዚያው ዕለት ሮሲ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኝ እንደማይሉ አስታወቁ፤ ምክንያታቸውም የፍርድ ቤቱ የፖለቲካ ስብጥር ተስፋ እንደማይሰጣቸው ነበር። ፍርድ ቤቱን ጎንተል ማድረጋቸው ነው፤ ክርክሩን ግን ዘግተውታል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደረጉ ስለሆነ ሲወደሱም ሲወቀሱም ግማሹ ብቻ ይነገራል።

ከፍርዱ በኋላ

ሁሉም ወገን በቀላሉ አልተወውም። በሲያትል የፌዴራሉ መንግሥት ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ጆን መኬይ፣ በፕሬዚዳንት ቡሽ የተሾሙ ሪፐብሊካን፣ ማጭበርበር ተፈጽሟል የሚያሰኝ ማስረጃ ባለማግኘታቸው ክስ ሳይመሠርቱ ቀሩ። በዲሴምበር 2006 ከሌሎች የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ ጋር ከሥራቸው ተሰናበቱ። በ2007 ለኮንግሬስ በሰጡት ምስክርነት፣ ከምርጫው በኋላ የአንድ የሪፐብሊካን ኮንግሬስ አባል ረዳት ስልክ ደውሎ ስለ ምርመራው እንደ ጠየቃቸው ተናግረዋል። የመሰናበታቸው ምክንያት ምን እንደ ነበር ብዙ ቢያከራክርም፣ በግዛቱ ውስጥ ብዙ ሰው ከዚህ ምርጫ ጋር ያያይዘዋል።

የሕግ ለውጦቹ ፈጥነው መጡ። በ2005 የወጡት ሕጎች ጊዜያዊ የድምፅ ወረቀቶች ከመደበኛው ተለይተው እንዲታዩና መሣሪያው እንዳይቆጥራቸው፣ የፊርማ ማመሳከሪያ መለኪያውም በሁሉም ካውንቲዎች አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረጉ። በሴፕቴምበር አጋማሽ ይካሄድ የነበረው የማጣሪያ ምርጫ ወደ ኦገስት ተዛወረ፤ ምክንያቱም በማጣሪያውና በዋናው ምርጫ መካከል የነበረው ጊዜ አጭር በመሆኑ በውጭ አገር ላሉ ወታደሮች የድምፅ ወረቀት በወቅቱ አይደርስም የሚል ቅሬታ ከዚያው ከ2004ቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ካውንቲዎቹ ተራ በተራ ሙሉ በሙሉ ወደ ፖስታ ምርጫ ዞሩ፤ ኪንግ ካውንቲ በ2009 ተከተለ። የካውንቲው መራጮችም በ2008 የምርጫ ኃላፊው ከእንግዲህ ተሿሚ ሳይሆን በሕዝብ የሚመረጥ እንዲሆን ወሰኑ። በፖስታ ለሚመርጥ ሰው ዛሬም ትልቁ አደጋ ያው ፊርማ ነው፤ ከዓመታት በፊት በምዝገባ ጊዜ የፈረሙትና አሁን በፖስታው ላይ የሚያሰፍሩት ካልተመሳሰለ ካውንቲው ደብዳቤ ይልካል፣ ለደብዳቤው መልስ ያልሰጠ ሰው ድምፅ አይቆጠርም።

ግሬግዋርና ሮሲ በ2008 እንደገና ተገናኙ። ኦባማ በተመረጡበት በዚያ ዓመት ግሬግዋር በ53 በመቶ ግድም አሸነፉ፤ ማንም ድጋሚ ቆጠራ አልጠየቀም። ሮሲ ከዚያም በ2010 ለፌዴራሉ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ በ2018 ለተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድረው አልተሳካላቸውም።

በችሎቱ ላይ ከፍተኛውን ቁጥር የያዙት፣ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው መራጮች ጉዳይ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ2004 የነበረው ሕግ አንድ ሰው እስሩን ከጨረሰ በኋላም የተጣለበትን መቀጮና የፍርድ ቤት ወጪ ከፍሎ እስኪያበቃ መብቱን አይመልስለትም ነበር፤ ካውንቲዎቹም ማን ከፍሎ እንደ ጨረሰ የሚያውቁበት የተስተካከለ መዝገብ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ መብት እንዳላቸው አምነው የምርጫ ወረቀት በፖስታ ሲደርሳቸው ሞልተው የላኩ ሰዎች ናቸው። በ2009 ግሬግዋር የፈረሙት ሕግ ከእስርና ከማረሚያ ቤት ክትትል ለወጣ ሁሉ መብቱ እንዲመለስ አደረገ። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት እስር ቤት ውስጥ ያልሆነ ማንኛውም አዋቂ ዜጋ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል።